የልጆች ሕክምና ሬዚደንሲ በክልል ሆስፒታል፦ ምርጫ ከመሙላታችሁ በፊት

የሬዚደንሲ (ሐኪም ስፔሻሊስት ለመሆን የሚማርበት ስልጠና) ፈተና ውጤት በወጣ ቁጥር የሚደርሰኝ ጥያቄ አንድ ዓይነት ነው። «ፔዲ (የልጆች ሕክምና) ልሞላ ነው፤ ክልል ልግባ ወይስ አዲስ አበባ ካልሆነ ይቅርብኝ?» መልሴ አጭር ነው። ክልል ግቡ። ግን ዝም ብሎ የትም አይደለም። ሌሊት ሲደወል ሲኒየሩ፣ ማለትም የሚያስተምረን ስፔሻሊስት፣ ስልክ የሚያነሳበት፣ ነገሩ ከከበደም ከአልጋው ተነስቶ የሚመጣበት ሆስፒታል ፈልጉ። ስለ ሕንፃው፣ ስለ ማሽኑና ስለ ከተማው ከዚያ በኋላ ይወራል።

እኔ አር ስሪ ነኝ፤ የሦስተኛ ዓመት ሬዚደንት ማለት ነው (አር ዋን አንደኛ ዓመት፣ አር ቱ ሁለተኛ ዓመት ነው)፤ እያገባደድኩ ነው። የምማርበትን ሆስፒታል ስም አልጠራም። የማነሳው ቅሬታ አለ፤ ሌላ ክልል ካሉ ጓደኞቼ ጋር ስናወራ ደግሞ ብዙው ነገር አንድ ነው። የአንዱን ስም ብቻ ማንሳት ፍትሐዊ አይመስለኝም።

ነገሩ አዲስ ለሆነበት ሰው በአጭሩ ላስረዳ። ጠቅላላ ሐኪም ሆናችሁ አገር አቀፍ ፈተና ትወስዳላችሁ። ከዚያ በውጤታችሁና በምርጫችሁ ትመደባላችሁ። የልጆች ሕክምና 3 ዓመት ነው። አዲስ አበባ ጥቁር አንበሳና ጳውሎስ አሉ። ክልል ላይ ደግሞ ጎንደር፣ ጅማ፣ ሐዋሳ፣ ባሕር ዳር፣ መቀሌ፣ ሐረር ያለው ሕይወት ፋና እና ሌሎችም አሉ። ስፖንሰር ያደረጋችሁ አካል ካለ ስትጨርሱ የምታገለግሉት ግዴታ ይኖራል፤ ውሉን ሳታነቡ አትፈርሙ። ይህን ያህል ይበቃል፤ ቀሪውን ከማስታወቂያው ታገኙታላችሁ።

አሁን ወደ ትምህርቱ። የክልል ሆስፒታል ትልቁ ሀብት በሽተኛው ነው። ልጆቹ ከሩቅ ገጠር ነው የሚመጡት። ብዙዎቹ ጤና ጣቢያ አይተው፣ ወረዳ ሆስፒታል አድረው ነው እኛ ጋ የሚደርሱት። ሲደርሱ በሽታው ሥር ሰዷል። ይሄ ያሳዝናል፤ አልደብቅም፣ አንዳንድ ቀን ልብ ይሰብራል። ለተማሪ ግን መጽሐፍ ላይ ያለው ምልክት ሁሉ ፊት ለፊት ቁጭ ብሎ ይጠብቀዋል። ጎንደር የሚማሩ ጓደኞቼ ከመተማና ከሁመራ ቆላ የመጡ የካላዛር (በአሸዋ ዝንብ የሚተላለፍ፣ ጣፊያ የሚያሳብጥ በሽታ) ልጆችን ያያሉ። ሆዱን ስትነኩት ጣፊያው እምብርት አልፎ ወርዷል። 17 ቀን ሙሉ ሁለት ዓይነት መርፌ በየቀኑ ይወጋል፤ ከዚያ ልጁ ሲበላ፣ ሲጫወት፣ ትኩሳቱ ሲለቀው እያዩ ይሸኙታል። ይህን ከስላይድ ላይ የተማረና ጣፊያውን በጣቱ የነካ ሰው እኩል አያውቀውም።

እኛ ጋ ደግሞ ብዙ ያስተማረኝ የምግብ እጥረት ክፍሉ ነው፤ «ሳም ክፍል» እንለዋለን፤ ሳም ከባድ የምግብ እጥረት ማለት ነው። ሬዚደንሲ ስትገቡ መጀመሪያ ከዚህ ክፍል ጋር ተዋደዱ። አንድ ከሲታ ልጅ ይመጣል እንበል። ዓይኑ ጎድጉዷል፣ ቆዳው ሲቆነጠጥ ቶሎ አይመለስም፣ እናቱ አስቀምጦታል ትላለች። በጠቅላላ ሐኪምነት የለመደ እጅ ወዲያው ጉሉኮስ ሊሰቅል ይቸኩላል። እዚህ ነው ሲኒየሩ እጃችሁን የሚይዘው። በጣም የተጎዳ ልጅ ላይ የድርቀት ምልክቶቹ ያታልላሉ፤ ልቡ ደክሟል፣ ፈሳሽ ከበዛበት መተንፈስ አቅቶት እዚያው ያመልጣችኋል። በደም ሥር የሚሰጠው ሾክ ውስጥ ላለ፣ ማለትም የደም ዝውውሩ ለወደቀ ልጅ ብቻ ነው፤ ያም ተለክቶ፣ አጠገቡ ተቆሞ ነው። ሌላው በአፍ፣ በሪሶማል (ለእነዚህ ልጆች በተዘጋጀ የሚጠጣ ፈሳሽ)፣ ቀስ ተብሎ ነው።

ከዚያ ኤፍ 75 የሚባለው የሕክምና ወተት ይጀመራል። 100 ሚሊ ሊትሩ 75 ካሎሪ ነው፤ ማወፈሪያ ሳይሆን ማረጋጊያ ነው። በቀን ስምንቴ ገደማ፣ ሌሊቱንም ጭምር ይሰጣል። እናትየው በኩባያ ይዛ ታጠጣለች፤ ልጁ ያንቀላፋል፣ ትቀሰቅሰዋለች፣ ይተፋል፣ እንደገና ትሞክራለች። ሬዚደንቱ የቱንም ያህል ጎበዝ ቢሆን የሌሊቱን ወተት የሚያጠጡት እናትየዋና ነርሷ ናቸው፤ እነሱን ያላከበረ ሐኪም በዚህ ክፍል ልጅ አያድንም። ከቀናት በኋላ የእግሩ እብጠት ይጎድላል፣ ልጁ ይራባል፣ ከሁሉ በፊት ደግሞ ፊቱ ይፈታል። ለሳምንት ማንንም ማየት የማይፈልግ ልጅ ድንገት ጠዋት ራውንድ (በሽተኞችን በየአልጋው እየዞርን ስናይ) ላይ ስቴቶስኮፑን ይይዛችኋል። ያኔ ፕላምፒ ነት፣ ከለውዝ የተሠራው የሕክምና ምግብ፣ ይቀርብለታል። 92 ግራም፣ 500 ካሎሪ። ከረጢቱን ራሱ ይዞ ሲመጠው የማይደሰት ሰው ፔዲ ባይገባ ይሻለዋል።

ኒኩ፣ ማለትም የጨቅላ ሕፃናት ክፍሉ፣ ሌላ ዓለም ነው። በ2011 ዓ.ም. የተሠራው አገር አቀፍ የሥነ ሕዝብና የጤና ጥናት በሕይወት ከሚወለዱ 1000 ልጆች 33ቱ የመጀመሪያውን ወር እንደማይዘልቁ አሳይቷል። አምስት ዓመት ሳይሞላቸው የሚሞቱት 59 ናቸው። ከግማሽ በላዩ ሞት በመጀመሪያው ወር ውስጥ ነው ማለት ነው። ስለዚህ የልጆች ሐኪም ልሆን ብላችሁ ጨቅላ ክፍሉን ከሸሻችሁ የሥራውን ግማሽ ሸሽታችኋል።

እዚያ የምትማሩት በእጅ ነው። ባብል ሲፓፕ ካላያችሁ ልንገራችሁ። ያለጊዜው የተወለደ ሕፃን ሳንባው እንዳይጣበቅ አየሩ በትንሽ ግፊት መግባት አለበት። ውድ ማሽን ከሌለ፣ ኦክስጅኑ በአፍንጫው ገብቶ የመውጫው ቱቦ ጫፍ ውኃ ያለበት ጠርሙስ ውስጥ ይጠልቃል። ቱቦው 5 ሴንቲ ሜትር ከጠለቀ ግፊቱም የ5 ሴንቲ ሜትር ውኃ ነው። በቃ፣ አሠራሩ ይኸው ነው። ውኃው ቡልቅ ቡልቅ እያለ አረፋ ይሰጣል። አረፋው ቆመ ማለት አየር የሚያመልጥበት ቦታ አለ። ወይ የአፍንጫው ቱቦ ወጥቷል፣ ወይ የሕፃኑ አፍ ተከፍቷል። ከጥቂት ጊዜ በኋላ ክፍሉ ውስጥ ጀርባችሁን ሰጥታችሁ ካርድ እየጻፋችሁ የአንዱ አረፋ ዝም ሲል ጆሯችሁ ይነግራችኋል። ከአጠገቡ ደግሞ እናቶች ሕፃናቱን ደረታቸው ላይ አስረው ተደርድረው ተቀምጠዋል። ካንጋሮ ነው። ከ2 ኪሎ በታች ለሆነው ልጅ ከእናቱ ገላ የተሻለ ሙቀት ከየትም አይመጣም፤ መብራትም ሲጠፋ አይጠፋም።

ከሕክምናው ሌላ ሰው ማናገር ትማራላችሁ። ተቅማጥ የያዘውን ሕፃን ግግ አወጡለት ተብሎ ድዱ ቆስሎ ይመጣል። እንጥሉን የተቆረጠ ሕፃን ደም እየፈሰሰው ሌሊት ይደርሳል። መጀመሪያ ያናድዳል። እናቲቱ ላይ መጮህ ግን ምንም አይጠቅምም። ብዙ ጊዜ ውሳኔው የእሷ እንኳን አይደለም፤ የአያት ወይም የጎረቤት ነው። እኛ ጋ ያሉ አንዲት ሲኒየር ሁልጊዜ አያትየዋን ፈልገው ያስጠራሉ። «እማማ፣ ይህን ልጅ ያመጣችሁት ስለምትወዱት ነው» ብለው ይጀምሩና ቁስሉን ራሳቸው ያሳዩአቸዋል። ቁጣ የለም። አያትየዋ ሰፈሯ ስትመለስ ከእኛ ፖስተር ይልቅ የእሷ ቃል ይሰማል። ይህን ዓይነት ትምህርት ሥርዓተ ትምህርቱ ላይ አላየሁትም፤ ራውንድ ላይ ነው ያገኘሁት።

ወደ ዋናው ነገር ልመለስ፤ ሌሊቱ።

ሾተላይ (የእናትና የልጅ ደም አለመጣጣም) ያለባት እናት ወልዳ ሕፃኑ በተወለደ ማግሥት ቢጫ ሆኖ መጣ። የቢሊሩቢኑ (ቢጫ የሚያደርገው ነገር) ውጤት ሲደርስ ደም መለወጥ እንዳለበት ግልጽ ሆነ። ሌሊት ነው፣ እኔ ደግሞ ያኔ ከማየት በቀር ሠርቼው አላውቅም ነበር። ሲኒየሩን ደወልኩ። ሁለተኛው ጥሪ ላይ ሳይደርስ አነሱ። «ደሙን አስፈልግ፣ ኦ ኔጌቲቭ ይሁን፣ እየመጣሁ ነው» ብቻ አሉኝ። ደሙ እስኪገኝ እሳቸው ደርሰው ነበር፤ ሹራብ ደርበው፣ ጫማቸውን ሳያስሩ።

እኔን አስቀምጠው ከጎኔ ቆሙ። እጃቸውን አላስገቡም። በእምብርቱ ሥር ቱቦው ገባ፤ 15 ሚሊ ሊትር ይወጣል፣ 15 ሚሊ ሊትር ይገባል። ነርሷ የወጣውንና የገባውን እየጠራች ወረቀት ላይ ታሰምራለች። በኪሎ 160 ሚሊ ሊትር ያህል ነው የሚለወጠው፤ ለ3 ኪሎ ሕፃን ወደ ግማሽ ሊትር ይጠጋል። እያንዳንዱ ዙር ቀስ ማለት አለበት። እኔ ስቸኩል «ተንፍስ» ይላሉ። የልቡ ምት ሲቀንስ ቆም አድርገው ለምን እንደቀነሰ ጠየቁኝ፣ መልሱን እስክናገር ጠበቁኝ። ጎህ ሲቀድ ጨረስን። ጠዋት ሞርኒንግ (የሌሊቱ ሥራ የሚገመገምበት ስብሰባ) ላይ ኬሱን እኔ እንዳቀርብ አደረጉ፤ ስለ ራሳቸው አንድ ቃል አላነሱም። ያን ሌሊት የተማርኩት ከብዙ ወር ሌክቸር ይበልጣል፤ ዛሬ ለአር ዋኖቹ ከጎናቸው የምቆመው እኔ ነኝ።

አሁን ደግሞ ሌላውን ገጽ። ሁሉም እንደዚህ አይደለም። እዚያው ቤት ዲዩቲ (የሌሊት ተረኝነት) ላይ ስማቸው ሰሌዳው ላይ ተጽፎ፣ ስልካቸው ሌሊቱን ሙሉ የማይነሳ አሉ። ያኔ አር ዋኑ አር ቱውን ይጠይቃል፣ አር ቱው የሚያውቀውን ያህል ይመልሳል፣ ከዚያ በላይ የለም። ልጁ ግን አይጠብቅም። ጠዋት ሞርኒንግ ላይ እነዚያው ሰዎች «ይሄን ለምን አላደረጋችሁም?» ብለው ሲያፋጥጡ መስማት በጣም ይጎዳል። ይህ የአንድ ሰው ጠባይ ብቻ አይደለም። ሲኒየር ጥቂት ነው፤ አንዱ ያስተምራል፣ ያክማል፣ ኮሚቴ ይገባል፣ ማታ የግል ክሊኒክ ይሠራል፣ ምክንያቱም ደመወዙ አያኖረውም። ይገባኛል። ግን ሌሊት ስልክ ማንሳት የስልጠናው አጥንት ነው፤ ያለሱ ሬዚደንሲ ርካሽ የሰው ጉልበት ይሆናል። ዲፓርትመንቱ ይህን የሚቆጣጠርበት ነገር ሊኖረው ይገባ ነበር፣ የለውም። ከአምስት ኮከብ አንዱን የቀነስኩት እዚህ ላይ ነው።

ሁለተኛው ቅሬታዬ ዕቃ ነው። ትልልቁን ማሽን አላልኩም። ቢጫውን ካኑላ ነው የምላችሁ። የሕፃን ደም ሥር የሚገባው ትንሹ፣ 24 ቁጥሩ። አንዳንድ ሳምንት ፋርማሲ ውስጥ የለም። አባት ወረቀት ይዞ ከግቢ ወጥቶ ይፈልጋል። ጤና መድን አለው፤ ግን መድኑ የሚሸፍነው ግቢው ውስጥ ያለውን ስለሆነ ውጭ በራሱ ገንዘብ ይገዛል። ለትራንስፖርት የያዘውን ነው የሚያወጣው። የደም ካልቸር (ደም ውስጥ ባክቴሪያ መኖሩን የሚያሳይ ምርመራ) አንዳንዴ አለ፣ አንዳንዴ የለም፤ ፖታሲየም ለማወቅ ሪኤጀንቱ (የመመርመሪያው ኬሚካል) እስኪመጣ ይጠበቃል። ስለዚህ ሕፃኑን በዓይን፣ በጆሮና በእጅ መመርመር በግድ ትማራላችሁ። ሰዎች ይህን እንደ ጥቅም ያወሩታል። እኔ አልስማማም። ጥሩ ምርመራና ጥሩ ላቦራቶሪ አብረው ሊኖሩ ይችላሉ፤ የአንዱ መጥፋት ለሌላው ውለታ አይደለም።

ሰብ ስፔሻሊስት (እንደ ልብ ወይም ኩላሊት ባለ አንድ ዘርፍ ላይ የተካነ ሐኪም) ላይም ክልል ይጎድለዋል። የልብ ሕመም ያለበት ልጅ ስናገኝ፣ ለምሳሌ፣ ከቶንሲል በኋላ ቫልቩ የተበላ የ10 ዓመት ልጅ፣ ኢኮ (የልብ አልትራሳውንድ) የሚያነብ ሰው በሳምንት የተወሰነ ቀን ብቻ ነው ያለው። ቀዶ ጥገና ከፈለገ ጥቁር አንበሳ ግቢ ወዳለው የልብ ማዕከል ወረፋ ይገባል። እኛ በየ3 ወይም በየ4 ሳምንቱ ቤንዛቲን ፔኒሲሊን እየወጋን እንጠብቃለን። መርፌው እንዳይቋረጥ መከታተል፣ ስልክ መደወል፣ የቀረውን ልጅ ማስፈለግ፤ ይህ ሁሉ የሬዚደንት ሥራ ነው። የልጆች ካንሰር ላይ ነገሩ ትንሽ ተሻሽሏል፤ ጅማና ጎንደር ሕክምናው አለ። ድሮ ግን ያለው ጥቁር አንበሳ ነበር። ስለዚህ ስትመርጡ ዲፓርትመንቱ ሬዚደንቶቹን ለተወሰነ ጊዜ ወደ አዲስ አበባ ይልካል ወይ ብላችሁ ጠይቁ። የሚልክ ከሆነ ጉድለቱ በከፊል ይሞላል። የማይልክ ከሆነ ኩላሊት፣ ልብና ደም ላይ ደካማ ሆናችሁ ትወጣላችሁ።

በሌላ በኩል አዲስ አበባ ያሉ ጓደኞቼ የሚሉኝንም ልንገራችሁ። እዚያ ፌሎው (ሰብ ስፔሻሊስት ለመሆን የሚማር ሐኪም) አለ፣ ከፌሎው በላይ ሲኒየር አለ። ለውይይት ገነት ነው። ነገር ግን ከባዱን ፕሮሲጀር ብዙ ጊዜ ፌሎው ይሠራዋል። እኛ ጋ ኤልፒውን (ከጀርባ አጥንት መሐል ፈሳሽ መቅዳቱን)፣ የደረት ቱቦውን፣ የእምብርት ካቴተሩን እኛው ነን የምንሠራው። አር ቱ ላይ ስትደርሱ እጃችሁ አይንቀጠቀጥም።

አንድ የሚያስደስት ነገርም አለ፤ ለውጥ በዓይን ይታያል። የኒሞኮካል ክትባት በ2004 ዓ.ም.፣ የሮታ ክትባት በ2006 ዓ.ም. ነው አገራችን የገባው። ነባር ነርሶቻችን ድሮ ተቅማጥ ክፍሉ እንዴት ይሞላ እንደነበር ሲያወሩ እኛ አር ዋን ሆነን ከገባንበት ጋር አይገናኝም። አንድ ከባድ ሌሊት ካለፈ በኋላ ሲስተሮቹ ቡና ላይ ይህን ሲያወሩ መስማት ብርታት ይሰጣል። የክትባት ካርዱን ጠይቁ፣ ሁሌም ጠይቁ፤ ኦፒዲ (ተመላላሽ ክፍል) ላይ ተሸክሞ የመጣውን ጉንፋን ብቻ አይታችሁ አትሸኙ።

ኑሮውን በአጭሩ። የክልል ከተማ ከአዲስ አበባ በቤት ኪራይ ይቀላል፤ ሆስፒታሉ አጠገብ ከሆነ ግን ተወዷል፤ ሁለት ሦስት ሆናችሁ ብትከራዩ ይሻላል። የዲዩቲ ክፍያ ይዘገያል፤ ይዘገያል ስል ወራት ማለቴ ነው። ቤተሰብ ያላችሁ ሰዎች ይህን አስባችሁ ግቡ። የዲዩቲ ክፍሉን አይታችሁ ወስኑ፤ እኛ ጋ አልጋው ከሬዚደንቱ ቁጥር ያንሳል፣ ውኃ አንዳንድ ቀን የለም። አር ዋን በጣም ከባድ ነው። አር ቱ ላይ ትተነፍሳላችሁ። አር ስሪ ላይ ጥናታዊ ጽሑፉ ይመጣል፤ ካርድ ክፍል ቁጭ ብሎ የድሮ ካርድ መፈለግ ጊዜ ይበላል፣ ርዕሱን አር ቱ ላይ ምረጡ። ከኢንተርኖች (የመጨረሻ ዓመት የሕክምና ተማሪዎች) ጋር ተዋደዱ። በዲዩቲ ሌሊት የተቆጣችሁት ኢንተርን ነገ ስለ አንድ ሕፃን የሚያስፈራውን ነገር ሳይነግራችሁ ይቀራል።

ሐዘኑን ዘልዬው አላልፍም። ልጅ ይሞታል። ለእናቱ የምትነግሩት እናንተ ናችሁ። እኛ ጋ ለሬዚደንት የሚሆን ምክር ወይም ድጋፍ የለም፤ ጥቂት ደቂቃ ተቀምጦ የሚያዳምጥ ሰው እንኳ በዕድል ነው። ጥሩ ሲኒየር ያለበት ቤት ግን ከሞት በኋላ ጠዋት ላይ ካርዱን ብቻ ሳይሆን እናንተንም ይጠይቃል። «ደህና አድረሃል? በልተሃል?» ይባላል። ቀላል ይመስላል፤ ሰው ጨርሶ የሚወጣው ወይም መሐል ላይ የሚያቋርጠው ግን በእንዲህ ያለ ነገር ነው።

ስለዚህ ለመማር ከአምስት አራት እሰጠዋለሁ፣ ለኑሮ ሁለት። እንደገና ምረጥ ብባል ክልልን፣ ፔዲን እመርጣለሁ፤ ያለ ማመንታት። ንጹሕ ላቦራቶሪ፣ ሁሉም ዓይነት ሰብ ስፔሻሊስትና ሙሉ እንቅልፍ የግድ የሚላችሁ ከሆነ ግን ሌላ ቦታ ሞክሩ፤ ነውር የለውም።

ምርጫውን ከመሙላታችሁ በፊት ደግሞ ሄዳችሁ እዩ። ቀን አይደለም፤ ቀን ሁሉም ቦታ ጥሩ ነው። ቺፍ ሬዚደንቱን (የሬዚደንቶቹን ተወካይ) አስፈቅዳችሁ አንድ ሌሊት ከአር ዋኑ ጋር እደሩ። ከመስከረም እስከ ኅዳር ባለው ጊዜ ቢሆን ይመረጣል፤ ወባውም የሳንባ ምቹም የሚበዛበት ስለሆነ ሥራው በደንብ ይታያል። ስንት ሬዚደንት ዲዩቲ ላይ እንዳለ፣ ለስንት አልጋ አንድ ነርስ እንዳለች፣ ቢጫው ካኑላ መሳቢያው ውስጥ መኖሩን ተመልከቱ። አር ዋኑ ሲኒየር ጋ ሲደውል አጠገቡ ሁኑ፣ ስንት ጊዜ እንደሚጠራ ስሙ፣ ከዚያ ቅጹን ሙሉ።